በበርሜል የከረመ ኃይለኛ ቢራ ሲያጣጥሙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በዊስኪ በርሜል ውስጥ ለወራት የከረመ ቢራ የአልኮል መጠኑ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 በመቶ ይደርሳል። ጥም ለመቁረጥ የሚጠጣ አይደለም። ሲቀምሱት የሚሠሩ ስህተቶችም በአብዛኛው ከችኮላ የሚመጡ ናቸው።

የመጀመሪያውና ትልቁ ከፍሪጅ እንደወጣ መጠጣት ነው። ቅዝቃዜ መዓዛውን አፍኖ መራራነቱን ያጎላዋል፤ የተደከመበት ጣዕም ሁሉ ተደብቆ ይቀራል። እንዲህ ላለው ቢራ ከ10 እስከ 14 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይስማማዋል፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ማውጣት ይበቃል። እኔ ግን ገና ቀዝቀዝ እያለ ቀድቼ ቀስ ብዬ ፉት ማለቱን እመርጣለሁ። መጀመሪያ የተቆላው ብቅል ይመጣል፤ ቡናና ጥቁር ቸኮሌት የሚመስለው። ሞቅ ሲል ካራሜሉና ቫኒላው ይከተላሉ። ከልክ በላይ ከሞቀ ደግሞ አልኮሉ ሌላውን ሁሉ ይውጠዋል።

በጠርሙሱ መጠጣትም ሆነ ብርጭቆን እስከ አፉ መሙላት ጥቅም የለውም። ሆዱ ሰፋ፣ አፉ ጠበብ ያለ ብርጭቆ ይፈልጉና እስከ ሲሶው ብቻ ይቅዱ፤ ባዶው ቦታ የመዓዛው ነው። አረፋው ስስ ከሆነ ወይም ወዲያው ከጠፋ ቢራው ተበላሽቷል ብለው አይደምድሙ። ከፍተኛ አልኮል አረፋ እንዲቆይ አይፈቅድም።

አፍንጫን ብርጭቆው ውስጥ ከትቶ በረጅሙ መሳብም ሌላ ስህተት ነው፤ አልኮሉ አፍንጫን ያቃጥልና የሚቀጥለውን ሽታ መለየት ያስቸግራል። ትንሽ ራቅ አድርጎ አጠር አጠር እያደረጉ ማሽተት ይሻላል። ከዋጡ በኋላም ትንፋሽዎን በአፍንጫ ያውጡ፤ የበርሜሉ ጣዕም ይበልጥ የሚገለጠው ያኔ ነው።

የዊስኪው ጣዕም በበረታ ቁጥር ቢራው ጥሩ ነው ማለት ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። በአሜሪካ ሕግ ቦርበን የተባለው የአገሩ ዊስኪ የሚቀመጠው ውስጡ በእሳት በከሰለ አዲስ የኦክ እንጨት በርሜል ስለሆነ፣ አንዴ ያገለገለው በርሜል ለሌላ ሥራ ይሸጣል፤ ከገዢዎቹ አንዱ ቢራ ጠማቂው ነው። እንጨቱ በራሱ የቫኒላና የኮኮናት ጣዕም ይሰጣል፤ እነዚህን የቀመሰ ሁሉ ተጨምሮበታል ብሎ መጠርጠር የለበትም። ከእንጨቱና ከዊስኪው ሥር ግን ብቅሉ መገኘት አለበት። ካልተገኘ፣ ለእኔ በውድ የተገዛ የቀጠነ ዊስኪ ነው።

ጉምዝዝ ያለውን ሁሉ «የበርሜሉ ባሕርይ ነው» ብሎ ማለፍም አያዋጣም። የቤልጅየሙ ሮደንባክ ቢራ በትልልቅ የእንጨት በርሜሎች ሆን ተብሎ እንዲጎመዝዝ ይደረጋል። ስታውት የተባለው ከተቆላ ብቅል የሚጠመቅ ጥቁር ቢራ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ካለ ግን ባክቴሪያ ገብቶበት ሊሆን ይችላል። በዚህ ዓይነት ቢራ የታወቀው የቺካጎው ቢራ ጠማቂ ጉስ አይላንድ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣቸው አንዳንድ የቦርበን ካውንቲ ቢራዎች ይህ ደርሶበት ለገዢዎች ገንዘብ መልሷል። እርጥብ ካርቶን የሚመስል ሽታ ደግሞ የኦክስጅን ጥፋት ነው፤ የዘቢብ ወይም ሼሪ የተባለው የስፔን ወይን ጣዕም በልኩ ሲሆን ግን አይጠላም።

ለዓመታት ማስቀመጥ ሁልጊዜ ያሻሽለዋል ብለው አይጠብቁ። ቡና የተጨመረበት ቶሎ ይደበዝዛል። የሚያስቀምጡ ከሆነ ጠርሙሱን አቁመው፣ ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ ያኑሩት፤ አተላው ከታች ይረጋል፤ ሲቀዱም የመጨረሻዋን ጠብታ ጠርሙሱ ውስጥ ይተዉአት።

ብዙ ቢራ በአንድ ላይ የሚቀመስ ከሆነ ይህኛው መጨረሻ ላይ ይምጣ፤ ቀድሞ ከመጣ ከእሱ በኋላ የሚቀመሰው ሁሉ ውሃ ውሃ ይላል። በመሃል ውሃ ይጠጡ።

መጠኑንም አይናቁት። 12 በመቶ የሆነ 330 ሚሊ ሊትር ቢራ ውስጥ ወደ 40 ሚሊ ሊትር ንጹሕ አልኮል አለ፤ ይህም 5 በመቶ ከሆነ ተመሳሳይ ጠርሙስ ከሁለት እጥፍ በላይ ነው። አንዱን ጠርሙስ ለሦስት ወይም ለአራት መካፈል ይበቃል፤ የሚያሽከረክር ሰው ካለ ድርሻውን ለሌሎቹ ይተው።