ያረጀ የስፖርት መኪና ቤንዚን ሲያበዛ ምክንያቱን መለየት

ቤንዚንን ከአየር ጋር የሚቀላቅለውን ካርቡራተር ከማስፈታትዎ በፊት ፍጆታውን ይለኩ፤ ባሕር ዳር ላይ ታንኩን ሞልተው ደብረ ማርቆስ ሲደርሱ እንደገና ይሙሉና የገባውን ሊትር በ100 አባዝተው ለተጓዙት ኪሎ ሜትር ያካፍሉ። ከዚያም ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥሉትን ካንዴላዎች ይፍቱ። ጫፋቸው ቡናማ ከሆነ ቃጠሎው ደህና ነው፤ ጣት የሚያጠቁር ደረቅ ጥላሸት ከያዙ ግን ቤንዚኑ ከአየሩ በልጧል ማለት ነው። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራተር፣ ከፍታው 2,400 ሜትር ገደማ በሆነው ደብረ ማርቆስ አየሩ ስለሚሳሳ ይህን ማሳየቱ አያስገርምም፤ ሞተሩ ዓባይ በረሃ ሲወርድ የሚሻለው ከሆነ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ሆኖም አስቀድመው በአቧራ የታፈነ የአየር ማጣሪያንና ሳይመለስ የቀረ ቾክን (ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሣ አየሩን የሚቀንሰውን መዝጊያ) ይመልከቱ፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ እዚያው ነው። ካንዴላው ንጹሕ ከሆነ፣ ከጉዞ በኋላ ሳይነኩ እጅዎን ወደየቸርኬው ያስጠጉ፤ ከሌሎቹ ለይቶ የጋለው ፍሬን ይዞታል።