የድሮ ቮልስ የአሉሚኒየም ጌጥ እንዴት መልሶ ያበራል?

ቀለሟ እንደ አዲስ የተቀባ ቮልስ ሳይ ዓይኔ ቀድሞ የሚያርፈው በሯን አቋርጦ በሚያልፈው ቀጭን ጌጥ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ አመድ መስሎ አገኘዋለሁ። ባለቤቱ ሳይወለውለው ቀርቶ አይደለም። ፋብሪካው አሉሚኒየሙን አኖዳይዝ የሚባል ጠንካራ ሽፋን አልብሶታል። ያረጀው ሽፋኑ ነው፤ እሱ ሳይነሳ የቱንም ያህል ብትፈትጉ አያበራም።

መጀመሪያ ጌጡን ንቀሉት። ጫፉን ይዛችሁ አትሳቡ፣ ይታጠፋል። ጨርቅ የተጠቀለለበት የእንጨት ማንሻ በየክሊፑ ሥር እያስገባችሁ ቀስ ብላችሁ አንሱት። ማግኔት ከያዘው አሉሚኒየም አይደለም፤ ተዉት።

ሽፋኑን የሚያነሳው ኮስቲክ ሶዳ ነው። እዚህ ላይ እባካችሁ አትቸኩሉ። ሥራው ደጅ ይሁን፤ የላስቲክ ጓንትና መነጽር አድርጉ። ዓይን ውስጥ ከገባ ያሳውራል። ለ1 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ 50 ግራም ይበቃል። ሶዳውን ወደ ውሃው ጨምሩ እንጂ ውሃውን ሶዳው ላይ አታፍስሱ። ለረጅም ጌጥ በቁመቱ የተሰነጠቀ፣ ጫፍና ጫፉ የተደፈነ የፕላስቲክ ቱቦ ጥሩ ገንዳ ይወጣዋል። ጌጡን ስትነክሩት የሚወጣው አረፋ ሃይድሮጅን ነው፤ እሳት አጠገቡ አይድረስ።

በየደቂቃው አውጡት፣ በብዙ ውሃ እጠቡት፣ ከዚያ በቴስተር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) ሞክሩት። ሽፋኑ ካለ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ቴስተሩ ጢጥ ካለ ተነስቷል ማለት ነው። ከዚያ በላይ ካቆያችሁት አሉሚኒየሙን ራሱን ይበላዋል።

የተሰረጎደ ካለ ፊቱን ለስላሳ እንጨት ላይ አስተኝታችሁ ከጀርባ በትንሽ መዶሻ መታ መታ አድርጉት። አንድ ኃይለኛ ምት አሉሚኒየሙን ይለጥጠዋል፤ የተለጠጠ ደግሞ አይመለስም።

ቀጥሎ በውሃ ብርጭቆ ወረቀት ፈትጉት፤ የወረቀቱ ቁጥር በቅደም ተከተል፦ 400፣ 600፣ 1000፣ 2000። የፊተኛው ወረቀት ጭረት ሳይጠፋ ወደሚቀጥለው አትለፉ።

መወልወያው በሞተር የሚሽከረከር ክብ የጥጥ ጨርቅ፣ የጥጥ ጎማ የሚባለው ነው። መጀመሪያ ቡናማውን፣ ቀጥሎ ነጩን ፖሊሽ ተጠቀሙ። ጎማው ጌጡን ነጥቆ ሊወረውር ስለሚችል የጌጡን ጠርዝ ወደ ሽክርክሪቱ አታዙሩ። ጨርቁ ጥቁር ሲያወጣ አትደንግጡ፤ አሉሚኒየሙ እየተወለወለ ነው።

በሳሙና አጥባችሁ አድርቁትና ሰም ቀቡት። በየ2 ወሩም ድገሙት፤ አሁን የሚከላከልለት ሽፋን የለውም። ቫርኒሽ ብዙ አልወድም። ውሎ አድሮ ይላጥና ሥራውን እንደገና ያስጀምራችኋል። ስትመልሱት የፕላስቲክ ክሊፕ ተጠቀሙ፤ የብረት ክሊፕ እርጥበት ሲያገኝ አሉሚኒየሙን ከውስጥ ይበላዋል።