ትንሽ የፎቶ ፕሪንተር ልትገዙ ነው? ከወረቀቱ ጀምሩ

ሱቅ ስንገባ ዓይናችን የሚያርፈው ማሽኑ ላይ ነው። ያምራል፣ ኪስ ይገባል፣ ዋጋውም ብዙ አያስደነግጥም። እኔም እንደዚያ ተሸውጄ ገዛሁ። አብረውት የመጡት 10 ወረቀቶች በአንድ ክርስትና ላይ አለቁ፤ ሌላ ወረቀት ፍለጋ አዲስ አበባን ዞሬ ዞሬ ሲደክመኝ ማሽኑን መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩት።

ስለዚህ መጀመሪያ የምትመርጡት ወረቀቱን ነው።

ለማስታወሻ ደብተርና ለፍሪጅ በር ከሆነ ዚንክ የሚባለው ወረቀት ይበቃችኋል። ኤችፒ ስፕሮኬት የሚባለው ፕሪንተር በዚህ ነው የሚሠራው። ቀለም የሚባል አይሞላም፤ ቀለሙ ያለው እዚያው ወረቀቱ ውስጥ ነው፣ ሙቀት ሲነካው ይወጣል። ፎቶው 5 በ7.6 ሴንቲሜትር ነው፣ ጀርባው ይለጠፋል። ለእኔ ዓይን ግን ጠይም ፊት ጥላ ውስጥ ከሆነ ያደበዝዘዋል።

ኢንስታክስ ሚኒ ሊንክ ደግሞ የሚያትመው እውነተኛ ፊልም ላይ ነው። ነጭ ጠርዝ አለው፣ ምስሉ ቀስ እያለ ይመጣል፣ ልጆች ይወዱታል። ፊልሙን በአውሮፕላን ስትወስዱ ግን ከሚጫነው ሻንጣ ጋር እንዳትልኩት፣ የዚያኛው ኤክስሬይ ጠንካራ ስለሆነ ሊያበላሸው ይችላል። በእጃችሁ ያዙት።

አልበም ውስጥ የሚገባ፣ ፎቶ ቤት ያሳጠባችሁት የሚመስል ከፈለጋችሁ እንደ ካኖን ሴልፊ ያለውን እዩ። መጠኑ 10 በ15 ገደማ ነው። የሚሠራው በሪባን፣ ማለትም ቀለም በተቀባ ስስ ጥቅልል ነው፤ ወረቀቱ አራት ጊዜ ይገባል ይወጣል፣ መጀመሪያ ቢጫ፣ ከዚያ ሮዝ፣ ከዚያ ሰማያዊ፣ በመጨረሻ ውሃና ጣት የሚከላከል ሽፋን። መሀል ላይ ቢጫ ሆኖ ብቅ ሲል ተበላሸ ብላችሁ እንዳትጎትቱት! ሪባኑና ወረቀቱ አብረው ስለሚሸጡ አብረው ያልቃሉ። ባትሪው ግን ብዙ ጊዜ ለብቻው ነው የሚገዛው፣ መብራት በሚጠፋበት አገር ይሄን ሳትጠይቁ እንዳትከፍሉ።

ቀጥሎ ሂሳብ። የወረቀቱን ፓኬት ዋጋ በፍሬው አካፍሉ፣ በዓመት ታትማላችሁ ብላችሁ በምታስቡት አባዙት። ማሽኑን ዱባይ ወይም አሜሪካ ያለ ዘመድ የሚልክላችሁ ከሆነ ወረቀቱን አብሮ በርከት አድርጎ እንዲልክ አሁኑኑ ንገሩት።

ገጠር ይዛችሁ ልትሄዱ ከሆነ አፑን ቤት ሆናችሁ አውርዱ፣ ከዚያ የስልኩን ዳታ አጥፉና አንድ ፎቶ አትሙ። ያለ ኢንተርኔት ካልታተመ ችግሩን ማወቅ ያለባችሁ ቤት ነው፣ አክስቶቻችሁ ነጠላቸውን አስተካክለው ከተሰለፉ በኋላ አይደለም።

ሴልፊ የገዛችሁ ደግሞ ከግድግዳ አስጠግታችሁ አታስቀምጡት፣ ወረቀቱ በጀርባ በኩል ስለሚወጣ ይጋጫል። ያለቀውንም ሪባን ዝም ብላችሁ ቆሻሻ ውስጥ አትጣሉ። ያተማችሁት ፎቶ ሁሉ እዚያ ላይ ታትሞ ይቀራልና በመቀስ ቆራርጡት።