የቆመ አሮጌ ሞተር ሳይክል በቤት ውስጥ እንዴት እንደሚታደስ

በሰሜን ሸዋ፣ ከደብረ ብርሃን አንሥቶ እስከ መሐል ሜዳና ዓለም ከተማ ድረስ፣ በየግቢው ጥግ ሸራ ለብሶ የቆመ አሮጌ ሞተር ሳይክል አይጠፋም። አብዛኛውን ጊዜ የግብርና ባለሙያ ወይም የጤና ሠራተኛ ገጠር ለገጠር ሲዞርበት የኖረ፣ ኋላም በጨረታ ተሽጦ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ቆይቶ አንድ ቀን አልነሣ ያለ ነው። እኔ ደብረ ብርሃን ያደስሁት ያማሃ ኤጂ 100ም እንዲሁ የሰነበተ ነበር። ኤጂ 100 ለእርሻ ሥራ ታስቦ የተሠራ፣ 97 ሲሲ የሆነ፣ በአየር የሚቀዘቅዝ ባለ ሁለት ምት (ፒስተኑ አንዴ ወጥቶ አንዴ ሲወርድ ሥራውን የሚጨርስ) ሞተር ያለው ሲሆን፣ ካቴናው በሽፋን ውስጥ ስለሚዞር ጭቃና አቧራ ብዙም አይደርስበትም፤ የፊትም የኋላም ፍሬኑ ባለ ታምቡሮ (ከበሮ መሰል) ነው። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ መማሪያ አላውቅም። ከዚህ በታች የምጽፈው ቅደም ተከተል በእርሱ ላይ የተመሠረተ ቢሆንም፣ ለሌሎች ባለ ሁለት ምት የጃፓን ሞተሮችም በአመዛኙ ያገለግላል።

ከመግዛት በፊት

አስቀድመው ሊብሬውን ይመልከቱ። የሻንሲ ቁጥሩ በመሪው አንገት ላይ፣ የሞተር ቁጥሩ ደግሞ በሞተሩ አካል ላይ ተመትቶ ይገኛል፤ ሁለቱም ሊብሬው ላይ ከተጻፈው ጋር ፊደል በፊደል መመሳሰል አለባቸው። ቁጥሩ በዝገትና በቀለም ከተሸፈነ በናፍጣ በራሰ ጨርቅ ብቻ ያጽዱት እንጂ በብርጭቆ ወረቀት አይፈግፍጉት፤ የደበዘዘ ቁጥር እንደ ተፋቀ ቁጥር ተቆጥሮ በምርመራ ጊዜ ብዙ ያመላልሳል።

ቀጥሎ የጎደለውን ይቁጠሩ። ካንዴላ (ብልጭታ ሰጪው)፣ ጎማ፣ ካላማዳሪያ፣ ካቴና፣ የፍሬን ሸራና ኩሽኔታ በቀላሉ ይገኛሉ፤ ደብረ ብርሃን ባይገኙ 130 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አዲስ አበባ፣ መርካቶ ሶማሌ ተራና አካባቢው መፈለግ ይቻላል። ሰልባትዮው (የቤንዚን ጋኑ)፣ ካርቡራተሩ (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው) እና የሞተሩ አካል ግን ከጎደሉ ወይም ከተሰነጠቁ መፈለጉ ወራት ሊፈጅ ስለሚችል፣ የዋጋ ድርድሩን በእነዚህ ሦስቱ ላይ መመሥረት ይበጃል። ሞተሩ ነክሶ (ፒስተኑ ሲሊንደሩ ውስጥ ተጣብቆ) የማይዞር መሆኑ ብቻውን ከመግዛት ሊያግድዎ አይገባም።

ቦታና መፍቻ

ሥራው ሦስት በአራት ሜትር በሆነች ክፍል ውስጥ ይሠራል። እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ አሳስባለሁ። በብዙ ግቢዎቻችን ባዶ የምትገኘው ክፍል ከማድ ቤት ጎን ያለችው ናት፤ የቤንዚን ተን ደግሞ ከአየር ስለሚከብድ በወለል ላይ እየተሳበ በበር ሥር አልፎ እሳት ያለበት ይደርሳል። ምጣድ በሚጣድበት ወይም ከሰል በሚቀጣጠልበት ቀን ሰልባትዮም ካርቡራተርም አይክፈቱ። ዕቃ ለማጠብ ከቤንዚን ይልቅ ናፍጣ ይጠቀሙ።

መፍቻዎቹ ከ8 እስከ 22 ቁጥር ያሉ ቁልፎች፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ የፕላስቲክ ወይም የእንጨት መዶሻና የውፍረት መለኪያ (ጠባብ ክፍተት የሚለኩባቸው ቀጫጭን የብረት ቅጠሎች) ናቸው። የጃፓን ሞተር ብሎኖች ባለ መስቀል ራስ ቢሆኑም፣ የመስቀላቸው ቅርጽ ከተለመደው ካቻቢቴ ጫፍ ጋር በትክክል አይገጥምም፤ ካቻቢቴው እየተንሸራተተ የብሎኑን ራስ ይበላዋል። ስለዚህ ለጃፓን ብሎን የተሠራ ጫፍና በመዶሻ ሲመታ የሚዞር መፍቻ ይግዙ። አንድ ቀን ቀደም ብሎ ናፍጣ ጠብ የተደረገበት ብሎን በዚህ መፍቻ ሁለት ሦስቴ ሲመታ ይላቀቃል።

አፈታት

ከመፍታትዎ በፊት በስልክዎ ከአራቱም አቅጣጫ ፎቶ ያንሡ፤ ከዚያም እያንዳንዱን ሽቦና ገመድ ከመንቀልዎ በፊት በቅርብ ያንሡ። ሽቦዎቹን በፕላስተር ቁጥር ይስጧቸው። የሞተሩን የጎን ክዳን የያዙት ብሎኖች እርዝመታቸው የተለያየ በመሆኑ፣ ረጅሙ በአጭሩ ቦታ ቢገባ የሞተሩን አካል ሊሰነጥቅ ይችላል። ይህን ለመከላከል በካርቶን ላይ የክዳኑን ቅርጽ በእርሳስ ይሣሉ፤ ብሎኖቹ ባሉበት ቦታ ካርቶኑን ብሱና እያንዳንዱን ብሎን እንደተፈታ በራሱ ቀዳዳ ይሰኩት። የእኔ ካርቶን ሰባት ወር ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ቆይቷል፤ ስገጥም ግን አንድም ብሎን የማን እንደሆነ አላሰብሁም።

ሞተሩ

ቀለሙን ትተው ከሞተሩ ይጀምሩ። ሞተሩ የማይነሣ ከሆነ በቀለም ላይ የወጣው ገንዘብ ሁሉ ከንቱ ነው፤ ብዙ እድሳቶች ግማሽ ላይ ሲቀሩ ያየሁትም ከቀለም የጀመሩ በመሆናቸው ነው።

የነከሰ ሞተርን በጉልበት አይታገሉት። ካንዴላውን ፈትተው፣ ናፍጣና የሞተር ዘይት እኩል ቀላቅለው፣ በቀዳዳው አንድ ሲኒ ያህል አፍስሰው ሦስት አራት ቀን ይተዉት። ከዚያ የመጨረሻውን ማርሽ አስገብተው የኋላውን ጎማ በእጅ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ቀስ እያደረጉ ያወዛውዙ። የጣት ስፋት ያህል ከተንቀሳቀሰ በማግሥቱ ይድገሙት። የእኔው የተላቀቀው በዘጠነኛው ቀን ነው።

ቴስታውን (የሲሊንደሩን ክዳን) እና ሲሊንደሩን ካወጡ በኋላ ፒስተኑን ብርሃን ላይ ይዘው ይመርምሩት። ጭስ በሚወጣበት በኩል ቁልቁል የወረደ ጭረት ካለ ሞተሩ ከመጠን በላይ ግሎ እንደነበር ይጠቁማል፤ አየር በሚገባበት በኩል የደበዘዘና የተፈገፈገ ከሆነ ደግሞ አቧራ ሲስብ ኖሯል ማለት ነው። የሲሊንደሩ ግድግዳ በጥፍር ሲዳሰስ የሚታወቅ ጭረት ካለው በቶርኖ ቤት መሞረድ ይኖርበታል። መለዋወጫ ፒስተኖች ከመጀመሪያው ልክ በ0.25 እና በ0.50 ሚሊ ሜትር እየሰፉ ስለሚሠሩ፣ መጀመሪያ ፒስተኑን ገዝተው በእጅዎ ይያዙ፤ ቶርኖ ቤቱም ሲሊንደሩን በፒስተኑ ልክ ይሞርደው። ይህ ቅደም ተከተል ከተገለበጠ ለተሞረደው ሲሊንደር የሚሆን ፒስተን ሳይገኝ ሊቀር ይችላል።

አዲሱን ፋሻ (ፒስተኑን የሚከበውን የብረት ቀለበት) ከመግጠምዎ በፊት ብቻውን ሲሊንደሩ ውስጥ ያስገቡት፤ በፒስተኑ ራስ ገፋ አድርገው ቀጥ እንዲል ያድርጉና በጫፎቹ መካከል ያለውን ክፍተት ይለኩ። ለእንዲህ ያለ ትንሽ ሞተር ከ0.15 እስከ 0.35 ሚሊ ሜትር ተገቢ ነው። ፒስተኑ ራስ ላይ ያለው ቀስት ወደ ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) አቅጣጫ ይመልከት። ፋሻው በሚቀመጥበት ቦይ ውስጥ የስንዴ ፍሬ እንኳ የማታህል ትንሽ ችንካር አለች፤ የፋሻው ሁለት ጫፎች ችንካሯን ግራና ቀኝ ማቀፍ አለባቸው፤ ካልሆነ ሲሊንደሩ ሲወርድ ፋሻው ይሰበራል። የፒስተኑን ስፒና (ፒስተኑን ከቢየላው ጋር የሚያያይዘውን ዘንግ) የሚይዙት ቀጫጭን ቀለበቶች ሲወጡም ሲገቡም ይፈናጠራሉና ከሥር ያለውን የሞተር አፍ ንጹሕ ጨርቅ ይወትፉበት፤ አሮጌዎቹን መልሰው አይጠቀሙ።

ለዓመታት በቆመ ባለ ሁለት ምት ሞተር ላይ ሁልጊዜ መለወጥ ያለባቸው የክራንኩ (የሞተሩ ዋና ዘንግ) ሁለት ፓራዮሊዎች፣ ማለትም ዘይትና አየር የሚያግዱ የጎማ ቀለበቶች፣ ናቸው። ጎማቸው ደርቆ ከተሰነጠቀ በማኛቶው (መብራትና ብልጭታ በሚያመነጨው ክፍል) በኩል ያለው አየር ይስባል፤ ሞተሩም ጋዝ ሳይሰጠው ብቻውን ይጮሃል፣ ይግላል። በፍሪሲዮኑ (ሞተሩን ከማርሹ በሚያለያየው ክፍል) በኩል ያለው ደግሞ የማርሽ ዘይቱን ይስባል፤ ይህም በማያቋርጥ ነጭ ጭስና በሚጎድል ዘይት ይታወቃል። ጓርኒሲዮኖቹን (በክፍሎቹ መጋጠሚያ መካከል የሚገቡትን ማሸጊያዎች) ሁሉ በአዲስ ይተኩ፤ የቴስታውን ዳዶዎችም አንዱን ጨርሰው ወደ ሌላው ሳይሄዱ በሰያፍ እያፈራረቁ በሦስት ዙር ያጥብቁ።

ሰልባትዮና ቀለም

የዛገ ሰልባትዮ አቼቶ ተሞልቶበት አንድ ወይም ሁለት ቀን ይቆይ፤ አንድ እፍኝ ትናንሽ ዳዶ ጨምረው ደጋግመው ይናጡት። አቼቶው ሲደፋ ቤኪንግ ሶዳ በተበጠበጠበት ውኃ ያለቅልቁት፤ ፀሐይ ላይ አድርቀው ወዲያው ዘይት የተቀላቀለበት ቤንዚን ያገላብጡበት፤ ያለዚያ በማግሥቱ መልሶ ይዝጋል። ሰልባትዮው ቀዳዳ ካለው በራስዎ ለመበየድ አይሞክሩ። ባዶ የሆነ ሰልባትዮ የቤንዚን ተን ስለሚይዝ እንደ ፈንጂ ነው፤ ውኃ ሞልቶ የመበየድን ጥንቃቄ ለሚያውቅ ባለሙያ ይስጡት።

ቀለም ለመቀባት የደብረ ብርሃን ብርድ ትልቅ እንቅፋት ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ስለሚሆን ብረቱ እስከ ረፋድ ቀዝቅዞ ይቆያል፤ በቀዝቃዛ ብረት ላይ የተረጨ ቀለም ይንጠባጠባል፣ ይደበዝዛል። በአንኮበርና በጣርማ በር በኩል ደግሞ ጉሙ ብረቱን ያረጥበዋል። ብረቱን ፀሐይ ላይ አውጥተው፣ ከቀኑ 5 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ በስሱ ደራርበው ይቀቡ፤ ከ9 ሰዓት በፊትም ወደ ቤት ያስገቡ። በመጀመሪያ የዝገት መከላከያው፣ ቀጥሎ ቀለሙ ይቀባል። የፋብሪካው ቀለም በአብዛኛው ደኅና ከሆነ ግን ባይነካ እመርጣለሁ።

ፍሬን፣ ጎማና መብራት

ታምቡሮውን ሲከፍቱ ውስጡ ያለውን አቧራ በትንፋሽም ሆነ በኮምፕረሰር አይንፉ፤ የቀድሞ የፍሬን ሸራዎች ለሳንባ አደገኛ በሆነው አስቤስቶስ ይሠሩ ስለነበር በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ይገባል። ጎማው ላይ ባለ አራት አሐዝ ቁጥር ይፈልጉ፤ 3215 የሚል ከሆነ በ2015 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) በ32ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ያላለቀ ጎማም ቢሆን ጎኑ ከተሰነጣጠቀ ይጣላል። አምፖል ከመግዛትዎ በፊት ሞተር ሳይክሉ ባለ 6 ወይም ባለ 12 ቮልት መሆኑን ከአሮጌው አምፖል ላይ ያንብቡ። የካንዴላው ክፍተት ከ0.6 እስከ 0.7 ሚሊ ሜትር ይሁን።

ማስነሣትና የከፍታ ነገር

የያማሃ የዘይት ፓምፕ ዘይቱን ከራሱ ጋን እየሳበ ወደ ሞተሩ ይልካል፤ ለዓመታት የቆመ ፓምፕ ውስጥ ግን አየር ይገባል። የማስተንፈሻ ብሎኑን ከፍተው አረፋ የሌለው ዘይት እስኪፈስ ያስተንፍሱት። እንዲያም ሆኖ ለመጀመሪያው ሙሊት በ5 ሊትር ቤንዚን 250 ሚሊ ሊትር የሁለት ምት ዘይት ይቀላቅሉ፤ ጭሱ ይበዛል፣ ሞተሩ ግን ይጠበቃል።

ሞተሩ ተነሥቶ፣ ነገር ግን እያነቀው፣ ጥቁር ጭስ እየተፋና ካንዴላውን እያረጠበ ካስቸገረ ጥፋቱ የእርስዎ ላይሆን ይችላል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በ30 በመቶ ገደማ ያንሳል። ካርቡራተሩ የሚልከው ቤንዚን ግን በዚያው ልክ አይቀንስም፤ ስለዚህ ቤንዚኑ ለአየሩ ይበዛል። መፍትሔው ዋናውን ጂግለር (ቤንዚን በልክ የሚያልፍበትን ባለ ቀዳዳ ብሎን) አንድ ወይም ሁለት ቁጥር ዝቅ ባለ መለወጥና የካርቡራተሩን መርፌ የያዘውን ቀለበት ወደ ላይኛው ቦይ አንድ ደረጃ ከፍ በማድረግ መርፌው እንዲወርድ ማድረግ ነው። በዚሁ ምክንያት የመጭመቂያ ግፊት ሲለኩ በመመሪያው መጽሐፍ ላይ ያለውን ቁጥር እዚህ አይጠብቁ፤ ጤነኛ ሞተርም በደጋ ዝቅ ያለ ንባብ ይሰጣል።

ትክክለኛነቱን የሚናገረው ካንዴላው ነው። በአንድ ወጥ ፍጥነት ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ይንዱ፤ በድንገት ፍሪሲዮን ጨብጠው ሞተሩን ያጥፉና ካንዴላውን ፈትተው ነጩን ሸክላ ይመልከቱ። ለስለስ ብሎ እንደ ተቆላ የገብስ ቆሎ ቡናማ ከሆነ መልካም ነው። ጥላሸት ከለበሰ ቤንዚኑ በዝቷል፤ እንደ ኖራ ከነጣ አንሷል፤ የነጣ ካንዴላ ያለው ሞተር መነዳት የለበትም።

ይህን ሁሉ የምጽፈው አንድ ጊዜ ስለተቀጣሁ ነው። በደብረ ብርሃን ልክ ባስተካከልሁት ጂግለር የጣርማ በርን ዋሻ አልፌ፣ በደብረ ሲና ቁልቁል ወርጄ፣ 1,300 ሜትር ገደማ ወደምትሆነው ሸዋ ሮቢት ተጓዝሁ። ደጋ ላይ ልክ የነበረው ቤንዚን በቆላው ወፍራም አየር አነሰ። ከዚያም በላይ በረጅሙ ቁልቁለት ጋዝ ዘግቼ በማርሽ ብቻ ስወርድ፣ ፓምፑ ዘይት የሚለካው በጋዝ እጀታው ልክ ስለሆነ፣ ሞተሩ በኃይል እየዞረ ዘይት ግን በጠብታ ነበር የሚደርሰው። ሜዳው ላይ እንደደረስሁ ድምፁ ቀጠነ፣ ጉልበቱ ወረደ፣ የኋላው ጎማም ተቆለፈ። ፍሪሲዮን በመጨበጤ ብቻ ሳልወድቅ ቀረሁ፤ ፒስተኑ ግን ጠፋ፣ ሲሊንደሩም እንደገና ተሞረደ።

አሁን ቁልቁል ስወርድ በየጥቂት መቶ ሜትሩ ፍሪሲዮን ጨብጬ ጋዝ ሰጠት አደርጋለሁ። የፋብሪካው ጂግለር በጨርቅ ተጠቅልሎ ከካንዴላ መፍቻው ጋር ከኮርቻው ሥር ይቀመጣል። ደብረ ሲና ስደርስ ሞተሩ እስኪበርድ ሻይ እጠጣለሁ፤ ከዚያ የካርቡራተሩን ሥር ፈትቼ ጂግለሩን እለውጣለሁ፤ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ስመለስም እዚያው ቆሜ የደጋውን እመልስበታለሁ።