በማስ ኤፌክት 2 የተኳረፉ ጓዶችን ይዞ ከመጨረሻው ተልዕኮ በሕይወት ለመመለስ

ባዮዌር የተባለው የካናዳ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በጥር 2010 ያወጣው ማስ ኤፌክት 2 ከጠላት ጋር ከሚደረገው ተኩስ ይልቅ በአንድ መርከብ በተሳፈሩ ተዋጊዎች መካከል ባለው መተማመን ላይ የቆመ ጨዋታ ነው። ኮማንደር ሼፐርድን ሆነው ሲጫወቱ፣ በመጀመሪያው ክፍል ጠላትዎ ከነበረው ከሰርበረስ ድርጅት ጋር አብረው ለመሥራት ይገደዳሉ። በኖርማንዲ መርከብ ላይ የሚሰበስቧቸው ጓዶችም ቁጥራቸው እስከ 12 ይደርሳል። ብዙዎቹ ሰርበረስን አያምኑም፤ ሚራንዳና ጄኮብ ግን የመጡት ከዚያው ድርጅት ነው። ከእነዚህ ሰዎች ጋር ኦሜጋ-4 የተባለውን መተላለፊያ አልፈው ኮሌክተር የሚባሉትን ጠላቶች በራሳቸው ሰፈር ሲያጠቁ፣ እያንዳንዱ ጓድ ሊሞት ይችላል፤ ከሁለት ያነሱ ጓዶች ከተረፉም ሼፐርድ ራሱ አይተርፍም። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉንም ይዞ ለመመለስ ለሚፈልግ ተጫዋች ስለሆነ፣ የታሪኩን ሂደት አስቀድሞ ማወቅ የማይፈልግ ሰው ጨዋታውን ጨርሶ ቢያነበው ይሻላል።

መጀመሪያ መታወቅ ያለበት፣ መተማመን በዚህ ጨዋታ ውስጥ በአንድ ቀን ተሠርቶ የሚያልቅ ነገር አለመሆኑ ነው። እያንዳንዱ ጓድ የራሱ የታማኝነት ተልዕኮ አለው፤ ይህንንም ለመክፈት ከየተልዕኮው ሲመለሱ በመርከቡ ውስጥ እየዞሩ ማነጋገር ያስፈልጋል። ተልዕኮው ሲፈጸም ጓዱ አዲስ ችሎታ ያገኛል፤ ከዚያ የሚበልጠው ጥቅም ግን በመጨረሻው ውጊያ የመትረፍ ዕድሉ ከፍ ማለቱ ነው። አብዛኞቹ ተልዕኮዎች በየትኛውም መንገድ ቢጨርሷቸው ታማኝነትን ያስገኛሉ። ለምሳሌ ጋረስ የተባለው ጓድ በኦሜጋ ጣቢያ አሥር ባልደረቦቹን ያስገደለበትን ሲዶኒስን ተኩሶ ሊገድለው ሲያነጣጥር፣ ከመሐል ቆመው ቢከለክሉትም ሆነ ዘወር ቢሉለት ታማኝነቱ አይጠፋም። እኔ እዚያ ቦታ ላይ አለመንቀሳቀስን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም ሲዶኒስ በጸጸት የሚናገረውን ጋረስ በጆሮ ማዳመጫው እየሰማ ጣቱን ከቃታው ሲያነሳ፣ ከዳተኛ የተባለው ሰው እንዴት እየኖረ እንደሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያየው ያኔ ነው።

ጥንቃቄ የሚሹት የአራት ጓዶች ተልዕኮዎች ናቸው። ታሊ በሕዝቦቿ የአድሚራሎች ችሎት ፊት በክህደት ስትከሰስ፣ አባቷ የፈጸመውን ጥፋት የሚያሳየውን ማስረጃ ካቀረቡ ነፃ ትወጣለች፤ ነገር ግን የአባቷን ስም እንዳያጠፉ ለምናዎት ስለነበር በእርስዎ ላይ ያላት እምነት ያበቃል። ማስረጃውን ደብቀው ችሎቱን ማሳመን ባይችሉ እንኳ፣ ከወገኖቿ ተባርራም ቢሆን ከእርስዎ ጋር በታማኝነት ትቀጥላለች። የቴን ተልዕኮ የሚበላሸው፣ በከፍታ ላይ ባለው መተላለፊያ እየሄዱ የሚከታተሉት ሰው ከዓይንዎ ከጠፋ ነው። የሳማራ ተልዕኮ የሚበላሸው ደግሞ፣ በምሽት ክበቡ ውስጥ ሴት ልጇን ሞሪንዝን በንግግር መማረክ ካልቻሉ ነው። ዛኢድን በተመለከተ፣ የተቀጣጠለው የነዳጅ ማጣሪያ ውስጥ ያሉትን ሠራተኞች አስቀድመው ካዳኑ ጠላቱ ያመልጣል፤ ያኔ ቁጣውን ሊያበርድ የሚችል የማሳመን አቅም ያስፈልግዎታል።

የማሳመን አቅም የሚለውን ቃል ሳላብራራ ማለፍ አልፈልግም፤ ጓዶችን ለማስታረቅ ቁልፉ እርሱ ነውና። ጨዋታው ሁለት ዓይነት ነጥብ ይመዘግባል፤ ፓራጎን የሚባለው ለርኅራኄና ለትዕግሥት፣ ሬኔጌድ የሚባለው ለኃይልና ለጭካኔ ነው። በንግግር ጊዜ ልዩ የሆኑት መልሶች እንዲከፈቱ የሚታየው የሰበሰቡት ነጥብ ብዛት ብቻ ሳይሆን፣ እስከዚያ ድረስ ሊያገኙት ይችሉ ከነበረው አንጻር ምን ያህሉን እንደወሰዱ ጭምር ነው። ስለዚህ አንድ ቀን ሩኅሩኅ፣ በማግሥቱ ጨካኝ እየሆኑ የሚጫወቱ ከሆነ፣ ጠቡ በተነሣ ሰዓት ሁለቱም መልሶች ተቆልፈው ያገኟቸዋል። አንዱን መንገድ ከመነሻው መርጠው ይጽኑበት። ለተዋጊዎች ቡድንም ይህ ትክክለኛ ሕግ ይመስለኛል፤ ዛሬ የሚናገረውን ነገ የሚሽር አዛዥ የተጣሉ ሰዎችን ሊያስታርቅ አይችልም።

ከጠቦቹ የመጀመሪያው የሚራንዳና የጃክ ነው። ጃክ በልጅነቷ በሰርበረስ ቤተ ሙከራ ታስራ የተሠቃየች ናት፤ ሚራንዳ ደግሞ የዚያው ድርጅት ሹም ናት። የሁለቱም የታማኝነት ተልዕኮ ካለቀ በኋላ ወደ መርከቡ ሲመለሱ፣ በሚራንዳ ቢሮ ውስጥ መጣላታቸውን አብራሪው ጆከር ይነግርዎታል። ጃክ የምትጠይቀው ሰርበረስ የፈጸመባት ነገር ስሕተት እንደነበረ እንዲታመንላት ብቻ ነው፤ ሚራንዳ ግን ያንን ያደረገው በእርግጥ ሰርበረስ አይደለም ብላ ትሸሻለች። እዚህ ላይ ልዩው መልስ ከተከፈተልዎ ሁለቱም ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። ካልተከፈተ ግን ለአንዷ መፍረድ ግድ ይሆናል፤ የተፈረደባትም ታማኝነቷን ትነሣዎታለች። ነጥብዎ በቂ ሲሆን ያኮረፈችውን ለብቻዋ አነጋግረው መመለስ ይችላሉ፤ ሆኖም ከመጀመሪያው ባይደርስ ይሻላል። ስለዚህ ነጥብዎ አነስተኛ መሆኑን ካወቁ፣ የአንዷን ተልዕኮ ጨርሰው የሌላዋን ለጥቂት ጊዜ ያቆዩት። ጠቡ የሚነሣው ሁለቱም ሲጠናቀቁ ስለሆነ፣ ሰዓቱን የሚወስኑት እርስዎ ነዎት።

ሁለተኛው የታሊና የሊጅን ጠብ ነው፤ እኔን ከሁሉም በላይ የሚነካኝ ይህ ነው። የታሊ ሕዝቦች ኳሪያኖች ጌት የተባሉትን ማሽኖች የፈጠሩ፣ በኋላም በእነርሱ ከአገራቸው የተባረሩ ናቸው፤ ሊጅን ደግሞ ጌት ነው። የሁለቱ ተልዕኮ ካለቀ በኋላ ታሊ በሊጅን ላይ ሽጉጥ ደግና ያገኟታል። ክንዷ ላይ ካለው መሣሪያ የአባቷን ሙከራ የሚመለከት መረጃ ሲወስድ ይዛዋለች፤ እርሱም ወገኖቹ ሊደርስባቸው ያለውን አደጋ ማወቅ አለባቸው ይላል። ሁለቱም ለወገናቸው ታማኞች ናቸው፤ ጠባቸውም የመጣው ከዚያው ታማኝነት ነው። በፓራጎን መንገድ ካስታረቋቸው ሊጅን መረጃውን ላለመላክ ይስማማል፤ ከዚያም ታሊ ራሷ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ ምሥጢር ያልሆነውን ክፍል ልስጥህ ትለዋለች። ከአፍታ በፊት አፈሙዝ ያዞረችበትን ባዶ እጁን እንዳይቀር ማሰቧ ነው። ይህንን ለማየት ስል ብቻ ጨዋታውን ደግሜ ጀምሬያለሁ።

ሊጅን የሚገኘው ሪፐር ከሚባሉት ግዙፍ ማሽኖች አንዱ በሆነው በሞተው መርከብ ውስጥ ስለሆነ፣ ወደዚያ የሚሄዱበትን ጊዜ በጥንቃቄ ይምረጡ። ከዚያ ተልዕኮ በኋላ ኮሌክተሮች ኖርማንዲን አጥቅተው የመርከቡን ሠራተኞች ይወስዷቸዋል። ከተወሰዱ በኋላ ሳይዘገዩ ኦሜጋ-4ን ካለፉ ሁሉንም ማዳን ይቻላል፤ ሌላ ተልዕኮ ላይ ከቆዩ ግን ግማሾቹ፣ ብዙ ከዘገዩ ደግሞ ከሐኪሟ በቀር ሁሉም ይሞታሉ። ስለዚህ የሌሎቹን ጉዳይ በሙሉ አስቀድመው ጨርሰው ወደ ሪፐሩ ይሂዱ፤ ሊጅንን ወዲያው አንቅተው የእርሱን ተልዕኮ ይፈጽሙ፤ ሠራተኞቹ እንደተወሰዱም ይነሡ። ከመነሣትዎ በፊት ጄኮብ የሚያቀርበው የመርከብ ጥሩር፣ ታሊ የምታቀርበው ጋሻ እና ጋረስ የሚያቀርበው መድፍ መገጠማቸውን ያረጋግጡ፤ ከሦስቱ አንዱ በጎደለ ቁጥር ገና በመንገድ ላይ አንድ ሰው ይሞታል።

በኮሌክተሮች ሰፈር ውስጥ ታማኝነት ብቻውን አይበቃም፤ ሥራው ለሚችለው ሰው መሰጠት አለበት። ወደ አየር ማስተላለፊያው ቱቦ ለመግባት ጄኮብ በፈቃዱ ቢነሣም አይላኩት፤ ይህ የታሊ፣ የሊጅን ወይም የካሱሚ ሥራ ነው። ከእርስዎ ተለይቶ በሌላ በኩል የሚሄደውን ሁለተኛውን ቡድን ጋረስ፣ ሚራንዳ ወይም ጄኮብ ይምራ፤ ይህ ሰው ታማኝ ካልሆነ ቱቦ ውስጥ የገባው ይሞታል። ሚራንዳ እመራለሁ ስትል ጃክ ማንም ከአንቺ ትእዛዝ አይቀበልም ብላ የምትመልሰው እዚህ ላይ ነው፤ ቂሙ ቢበርድም እንዳልጠፋ ያሳያል። በባዮቲክ ኃይል፣ ማለትም ነገሮችን ሳይነኩ በአእምሮ በማንቀሳቀስ ችሎታ፣ የሚሠራውን ጋሻ የሚሸከሙት ሳማራ ወይም ጃክ ብቻ ናቸው፤ ሚራንዳ በመርሕ ደረጃ ማንኛውም ባዮቲክ ይችለዋል ብትልም፣ እርሷን የመረጠ ተጫዋች ከጎኑ አንድ ጓድ ተነጥቆ ሲወሰድ ያያል። የተገኙትን ሠራተኞች ወደ መርከቡ የሚመልሰው ሞርዲን ይሁን።

ለመጨረሻው ውጊያ ሁለት ጓዶች ብቻ ይዘው ሲገቡ፣ የቀሩት በሩን ይጠብቃሉ። ብርቱዎቹን ይዞ መግባት የሚያጓጓ ነው፤ እኔም በመጀመሪያው ጊዜ ግራንትንና ጋረስን ይዤ ገብቼ በሩ ላይ የተውኩትን ሞርዲንን አጥቻለሁ። ጨዋታው የበሩን ጥንካሬ የሚለካው በቀሩት ጓዶች አቅም አማካይ ነው፤ ግራንት፣ ዛኢድና ጋረስ ከፍተኛውን ዋጋ ሲይዙ፣ ታሊ፣ ጃክ፣ ካሱሚና ሞርዲን ዝቅተኛውን ይይዛሉ፤ ታማኝነት የጎደለው ሁሉ ከዚያም ይቀነስበታል። ስለዚህ ሦስቱን ብርቱዎች በሩ ላይ ትተው፣ ታሊንና ጃክን ከጎንዎ አሰልፈው ይግቡ።