በኢማክስ የተፈጸመን ትእዛዝ መለየትና መድገም

ኢማክስ በተባለው የጽሑፍ ማዘጋጃ ፕሮግራም እየጻፉ ሳለ መስመር በመስመር የደረደሩት ዝርዝር በድንገት ተጋጥሞ አንድ አንቀጽ ሲሆን፣ መጀመሪያ የሚመጣው ጥያቄ «ምን ነካሁ?» የሚል ነው። በዚህ ጊዜ ሌላ ቁልፍ በዘፈቀደ መነካካት ነገሩን ያባብሰዋልና ኮንትሮልን ከኤች ጋር ይጫኑ፤ ለቀው ኤልን ብቻ ይምቱ። የመጨረሻዎቹን 300 የቁልፍ ምቶች፣ ካስፈጸሙት ትእዛዝ ስም ጋር የሚያሳይ መስኮት ይከፈታል። ግርጌ ላይ የሚያገኙት ይህንኑ መስኮት የከፈቱበትን ምት ስለሆነ፣ የሚፈልጉት ከእሱ በላይ ያለው ነው። በምሳሌያችን እዚያ የሚነበበው «ኤም-ኪው» እና መስመሮችን አጋጥሞ አንድ አንቀጽ የሚያደርገው ትእዛዝ ስም «ፊል-ፓራግራፍ» ነው። ኤም ሜታን ያመለክታል፤ ይህም በአብዛኞቹ ኪቦርዶች ኦልት ነው። ጽሑፍ ለመቅዳት ኦልትን ከደብልዩ ጋር ሊጫኑ ሲሉ ጣትዎ ጎኑ ካለው ኪው ላይ አርፏል ማለት ነው። ኮንትሮልን ከኤክስ ጋር፣ ቀጥሎም ዩን ሲጫኑ ዝርዝሩ ወደ ነበረበት ይመለሳል። በቅርቡ የጻፉት በዚያ መስኮት ስለሚታይ፣ እርዳታ ለመጠየቅ ለሌላ ሰው ከመላክዎ በፊት ምስጢር የሆነ ነገር እንደሌለበት ማረጋገጥን አይርሱ።

ትእዛዙ የፈለጉት ሆኖ ከተገኘ መድገሙ ቀላል ነው። ኦልትን ከዲ ጋር ተጭነው አንድ ቃል ካጠፉ በኋላ፣ ኮንትሮልን ከኤክስ ጋር ተጭነው ዜድን ቢመቱ ቀጣዩ ቃል ይጠፋል፤ ከዚያ በኋላ ዜድን ብቻ በመቱ ቁጥር አንድ አንድ ቃል ይቀነሳል። ወዲያውኑ ዜድ የሚለውን ፊደል ራሱን መጻፍ ከፈለጉ ግን አስቀድመው ጠቋሚውን በቀስት ቁልፍ ያንቀሳቅሱ፤ አለበለዚያ ሳያስቡት ሌላ ቃል ያጣሉ።

ከእነዚህ ሁሉ በላይ ሊለመድ የሚገባው፣ ጥያቄ ጠይቀው መልስ የሚቀበሉ ትእዛዞችን የሚደግመው መንገድ ይመስለኛል። «ዓመት» የሚለውን ኢማክስ በየቦታው እየጠየቀዎት በ«አመት» የተኩበትን ሥራ በሌላ ፋይል ላይ መድገም ቢፈልጉ፣ ኮንትሮልን ከኤክስ ጋር ከተጫኑ በኋላ ኤስኬፕን ሁለት ጊዜ ይምቱ። ትእዛዙ ከነመልሶቹ፣ ሊስፕ በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ተጽፎ፣ በስክሪኑ ግርጌ ባለው ሚኒባፈር ላይ ይቀርባል። ኢንተር ከመምታትዎ በፊት በጥቅስ ውስጥ ያሉትን ቃላት ብቻ መቀየር ይችላሉ፤ ከእነሱ ቀጥሎ ያለው የሥራውን ወሰን የሚይዝ ስለሆነ ትርጉሙን ካላወቁት አይንኩት። ቀደም ያሉትን ለማግኘት ኦልትን ከፒ ጋር ደጋግመው ይጫኑ።

በስማቸው የጠሯቸው ትእዛዞች የሚገኙት ደግሞ ኦልትን ከኤክስ ጋር ተጭነው፣ በዚያው በኦልትና ፒ ወደ ኋላ በመሄድ ነው። ይህ ታሪክ ኢማክስን ሲዘጉ እንዳይጠፋ «ሴቭሂስት-ሞድ» የተባለውን ኢማክስ ሲከፈት በሚያነበው የማስጀመሪያ ፋይልዎ ውስጥ ያብሩት።