ፓምፑ ጮኸ ማለት ውሃው ዞረ ማለት አይደለም

የምኖረው ኮዬ ፈጬ፣ ኮንዶሚኒየም ላይ ነው። ሳሎን ውስጥ 60 ሊትር የምትይዝ የዓሣ ገንዳ (አኳሪየም) አለችኝ። ባለፈው ቀኑን ሙሉ ጠፍቶ የዋለው መብራት ማታ መጣ፤ የፊልተሩ (የውሃ ማጣሪያው) ፓምፕም እንደ ልማዱ ማጉረምረም ሲጀምር ደህና ነው ብዬ ተኛሁ። ጠዋት ስነሳ ጉፒ የሚባሉት ትንንሽ ዓሦቼ ሁሉ ላይ ወጥተው አፋቸውን ከፈት ከደን ያደርጋሉ። ለካ ፓምፑ ውስጥ አየር ገብቶበት ሌሊቱን ሙሉ ሲጮህ አደረ እንጂ ጠብታ ውሃ አልገፋም።

ስለዚህ ድምፁን አትመኑ። መጀመሪያ የውሃውን ፊት እዩ። ሳሎኑን ጨለም አድርጉና የስልካችሁን ባትሪ በጎን አብሩበት። ከጥግ እስከ ጥግ ሞገድ ሞገድ ካለ ጥሩ ነው። እንደ ቀዘቀዘ መረቅ ስስ ቅባት ከተጋገረበት ግን ውሃው ቆሟል፣ ኦክስጅን ደግሞ በብዛት የሚገባው በዚያው በላይ በኩል ነው። እኛ ጋ ነገሩ ይብሳል፤ አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከባህር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፣ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅንም ባህር ዳርቻ ካለ ከተማ በሩብ ገደማ ያንሳል። የውጭ ቪዲዮ ላይ «ይበቃል» የተባለ ፊልተር እዚህ ላይበቃ ይችላል።

ቀጥሎ ታችኛው። ቀጭን እንጨት ጫፍ ላይ ጣት የሚያህል የስፌት ክር እሰሩና በየጥጉ፣ ከድንጋዩ ጀርባ፣ ከሂተሩ አጠገብ ያዙት። ክሩ ከተወዛወዘ ውሃው ያልፋል። ዝም ብሎ ከተንጠለጠለ ቆሻሻና የተረፈ ምግብ የሚጠራቀመው እዚያ ነው፤ አሸዋውን ብታዩት ራሱ ይነግራችኋል። ሂተሩ ጋ ከቆመ ደግሞ በኅዳር ብርድ አንዱ ጎን ሞቆ ሌላው ይቀዘቅዛል።

ፊልተራችሁ ውሃውን ከላይ የሚያፈስ ከሆነ ለኩት። 1 ሊትር የሚይዝ ሃይላንድ አንገቱን ቆርጣችሁ ሥሩ ያዙና ስንት ሰከንድ እንደፈጀ ቁጠሩ። 3,600ን በሰከንዱ ስታካፍሉ በሰዓት ስንት ሊትር እንደሚገፋ ታገኛላችሁ። በ12 ሰከንድ ከሞላ 300 ሊትር ነው፣ ለእኔ ገንዳ በሰዓት 5 ዙር ማለት፤ 20 ከፈጀ ግን 3 ዙር ብቻ። ከ4 እስከ 5 ዙር ጥሩ ነው። ቤታ የሚባለው ዓሣ ያላችሁ ቀንሱ፣ ጎርፍ አይወድም።

ካነሰ ሶኬቱን ንቀሉ፣ ከዚያ ነው እጅ የሚገባው። ስፖንጁን ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ጭመቁት፤ የቧንቧው ክሎሪን የሚጠቅሙትን ባክቴሪያዎች ይፈጃቸዋል። ፓምፑ ውስጥ ያለችውን ትንሽ መዘውር አውጡና የተጠመጠመ ፀጉር ወይም ቅጠል ካለ አንሱላት። ስትመልሱት ውሃው ውስጥ አጋድሉት፣ አረፋው ተንቦልቡሎ እስኪያልቅ። መውጫውን ትንሽ ቀና አድርጉት።

መብራት ሲጠፋ በኩባያ እየቀዳችሁ ከፍ አድርጋችሁ መልሱበት፣ በየግማሽ ሰዓቱ አሥር አሥር ጊዜ። እስኪመጣ ምግብ አትስጡ።